የሸምሱ ቅንድብ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ የሰጡኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ዶሮ እንድሥል ነበር። ማተሚያ ቤቱ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ነው። ፎቶ ኮፒው፣ ላሚኔሽኑ፣ ማኅተሙ፣ የሠርግ ካርዱ፣ ባነሩ፣ ሁሉም በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይሠራል። አለቃዬ አቶ ፍቅሬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "ሥዕል ተምረሻል አሉ። እስቲ ለዶሮ ነጋዴው ዶሮ ሣይለት። ግን ደስ ያላት ዶሮ ትሁን" አሉኝ።

"ዶሮ ደስ ሲላት ምን ትመስላለች?"

"እኔ ምን አውቄ! ሠዓሊዋ አንቺ!"

እየሰረዝኩ እየደለዝኩ ሣልኳት። ደንበኛው ከሰዓት መጥቶ ትክ ብሎ አያትና፣ "ይህቺ እንኳ መታረዷን አልሰማችም" ብሎ ወሰዳት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አቶ ፍቅሬ በማግስቱ፣ "ደንበኛ ሳቀ ማለት ወደደ ማለት ነው፣ ልመጂው" አሉኝ። ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ።

ሰዓዳ እባላለሁ። አባቴ ከወሎ መጥቶ ልደታ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ይህን የምጽፈው በሥዕል ለመተዳደር አሁን ለተነሣችሁ ልጆች ነው። ስለ ቀለም፣ ስለ ታብሌት፣ ስለ ሶፍትዌር ከእኔ የተሻለ የሚነግራችሁ ሞልቷል። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ ሰው ቅንድብ ነው። በዚያ ቅንድብ ሰበብ አንድ ንጹሕ ሰው በእጄ ወህኒ ሊወርድ፣ እንጀራውም ሊዘጋ ነበር።

ሰውየው ጋሽ ሸምሱ ይባላል። ከማተሚያ ቤቱ በር አጠገብ፣ አስፋልቱ ዳር፣ በተጣፈ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ቁልፍ ይቀርጻል። ዕቃው ጥቂት ነው፦ አንዲት ትንሽ መቅረጫ ማሽን፣ ሞረዶች፣ በሽቦ የተሰካኩ ጥርስ ያልወጣላቸው ቁልፎች፣ የዘይት ጠርሙስ። ማሽኑ የቀረጸውን በሞረድ ያስተካክላል፤ አቀርቅሮ፣ ትንፋሹን ይዞ። የግራ ቅንድቡ መሀል ላይ ፀጉር የለም። የብረት ፍንጣሪ ነው የበላው። "ዓይኔን ስቶ ቅንድቤን ወሰደ፣ አልሐምዱሊላህ" ይላል ለጠየቀው ሁሉ።

እንደ እሱ የማይነቃነቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ለሠዓሊ ደግሞ ከዚህ በላይ ምን አለ? ባነር እስኪታተም ድረስ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ አጠገቡ እቀመጥና እሥለው ነበር።

"ዛሬም እየሣልሽኝ ነው?" ይላል ቀና ሳይል።

"አንገትህን አታንቀሳቅስ ጋሼ።"

"አንገቴንም አከራየሁሽ እንዴ? ጉድ እኮ ነው!"

ከፊት፣ ከጎን፣ ሲስቅ፣ ሲያዛጋ፣ ከደንበኛ ጋር ሲጨቃጨቅ ሣልኩት። በኋላማ ወረቀቱን ሳላይ ፊርማዬን እንደምፈርመው ሁሉ ፊቱን መሣል ቻልኩ። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ካርድ ላይ አበባ መደርደር ሲሰለቸኝ ሥራ ለቀቅኩ። ቤታችን ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። እናቴ ስትሰማ ቤቱ ታመሰ።

"ፍሪላንስ ማለት ምን ማለት ነው?"

"በራሴ እሠራለሁ ማለት ነው።"

"ቢሮሽስ?"

"እዚሁ ሳሎን፣ መስኮቱ ጋ።"

"ያ አላህ! ሰው ሲጠይቀኝ የዓመት ፈቃድ ላይ ናት እላለሁ።"

ወላሂ እንዳለችው አደረገች። ሁለት ዓመት ሙሉ ፈቃድ ላይ ነበርኩ።

በዚህ ሥራ አለቃ የለብሽም ይሉሻል። ውሸት ነው። ደንበኛው ሁሉ አለቃ ነው፤ አንዱ ሲለቅሽ ሌላው ይይዝሻል። ከሁሉ በላይ ያሠራችኝ ትዕግሥት ናት፤ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የኮሙኒኬሽን ኃላፊ። ፖስተሮች፣ የጤና በራሪ ወረቀቶች፣ ለአንደኛ ክፍል ልጆች የሚሆኑ የንባብ መጻሕፍት ትሰጠኛለች። መጀመሪያ ረቂቅ በእርሳስ፤ ሲጸድቅ መስመሩ፤ ከዚያ ቀለሙ፤ ከዚያ ማስተካከያው። ማስተካከያው ማለቂያ የለውም። "ሰዓዳዬ፣ በጣም አሪፍ ነው፣ ግን…" ብላ ትጀምራለች። ሥራው ያለው ከ"ግን" ወዲያ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ "ላሚቱ ትንሽ ተስፋ ያላት ትምሰል" ብላኛለች። ዶሮዋ ትዝ አለችኝ።

ትዕግሥት ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ሥራ የምትሰጠው ሁልጊዜ ለነገ ነው። ለነገ የሚደርስ ሥራ ላይ ሰው አስቀምጦ መሣል የለም። እጅሽ የሚያውቀውን ያወጣል። የእኔ እጅ የሚያውቀው ጋሽ ሸምሱን ነው። ባርኔጣ ሳደርግለት ገበሬ ሆነ፣ ክራባት ሳስርለት ዳኛ፣ ነጭ ጋዋን ሳለብሰው ሐኪም። ቅንድቡንም አልተውኩትም። ትዕግሥት ራሷ፣ "ይህቺ ቅንድቡ ላይ ያለችው ነገር የእውነት ሰው አስመሰለችው፣ እንዳትነኪያት" ብላኛለች።

ለጋሽ ሸምሱ ወስጄ ሳሳየው ደስ ይለው ነበር። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሐኪሙን ተመለከተና፣ "እናቴ ይህን አይታ በሞተች! በይ ቀጥይ፣ አንድ ቀን ሚኒስትር ታደርጊኛለሽ" አለኝ። ሌባ አደርገዋለሁ ብለን ሁለታችንም አላሰብንም።

ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ዳንኤል ነው፣ ከጎናችን ካለው ብሎክ። እናቱን እማማ ብርነሽን ሌባ ጥሏቸው ክንዳቸው መሰበሩን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሐሙስ ዕለት ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራቸው ተከፍቶ አገኙት፤ ቁልፉ አልተሰበረም። ሲገቡ ሰውየው ከመኝታ ቤት ወጥቶ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። አፋቸውን በእጁ አፍኖ ገፈተራቸውና ወርቃቸውን ይዞ ሄደ።

"ልጄ የንባብ መጽሐፉ ላይ ስምሽን አሳየኝ። ሥዕሎቹን የሠራሽው አንቺ ነሽ አይደል?" አለኝ ዳንኤል። "እናቴ መልኩን ትነግርሻለች፣ ትሥይልናለሽ። በየብሎኩ እንለጥፈዋለን።"

እንዲህ ዓይነት ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ግን ሰው ተጎድቷል፣ ጎረቤት ነው፣ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ሰፈሩ ሥራዬን የሚያይበት ቀን መጣ ብዬ ጓጓሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። እርሳሴን ይዤ ሄድኩ።

እማማ ብርነሽ ሶፋው ላይ ክንዳቸው በጀሶ ተጠቅልሎ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ገርጥቷል።

"እማማ፣ ፊቱ ረዘም ያለ ነው ክብ?"

"ረዘም ያለ ነው ልጄ።"

"ግንባሩስ?"

"ሰፋ ያለ መሰለኝ። ጢሙም ብቅ ብቅ ብሏል።"

"አፍንጫው?"

"እንጃ… ቀጥ ያለ ነው።"

እየጠየቅኩ ሣልኩ፤ እየሣልኩ ጠየቅኩ። እሳቸው ሲያመነቱ እኔ አላመነታሁም። እርሳሱ በራሱ ይሄድ ነበር። ስጨርስ ወረቀቱን አዙሬ አሳየኋቸው። እማማ በጤነኛ እጃቸው አማተቡ።

"በስመ አብ! እሱ ነው! እሱ ነው ልጄ!"

ዳንኤል ወዲያው በስልኩ ፎቶ አንሥቶ የኮንዶሚኒየሙ ግሩፕ ላይ ለቀቀው። እኔም መርቀውኝ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ኮራ ብዬ ወጣሁ።

ለትዕግሥት ሥራ ላደርስ ወደ ሜክሲኮ እየሄድኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አቶ ፍቅሬ ናቸው። ሥራ ከለቀቅኩ ወዲህ ደውለውልኝ አያውቁም።

"ሰዓዳ፣ ሸምሱን ወሰዱት።"

"እነማን?"

"መጀመሪያ ጎረምሶቹ ከበቡት። ሊደበድቡት ሲሉ ፖሊስ ደርሶ አወጣው። ሰው ቤት በቁልፍ ከፍተህ ገብተሃል፣ የአሮጊት ክንድ ሰብረሃል ነው የሚሉት። ሥዕሉን አንቺ ነሽ የሣልሽው አሉ። እውነት ነው እንዴ?"

እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆሜ ግሩፑን ከፈትኩ። ሥዕሉን አየሁት። በአላህ ስም! የግራ ቅንድቡ መሀል ባዶ ነው። እኔ ነኝ ባዶ የተውኩት። እማማ ስለ ግንባር፣ ስለ ጢም፣ ስለ አፍንጫ ነግረውኛል። ስለ ቅንድብ ማን ነገረኝ? ማንም።

አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ለአፍታ ተጠራጠርኩት። ቁልፍ ሠሪ ነው፤ በሩ ያለ ምንም ስብራት ተከፍቷል፤ ሴትየዋ "እሱ ነው" ብለዋል። ምናልባትስ? አልኩ። ግን ቅንድቡ አልለቀቀኝም። እሳቸው ያላሉትን ከየት አመጣሁት?

ተመልሼ ማተሚያ ቤቱ በር ስደርስ ጃንጥላው ወድቋል። ማሽኑ በጎኑ ተጋድሟል፣ ቁልፎቹ ከሽቦው ተበትነው በየቦታው ፈስሰዋል። አቶ ፍቅሬ አጎንብሰው ይለቅማሉ። ቀና ብለው አላዩኝም። "ሂጂ እንጂ ምን ይገትርሻል!" አሉኝ።

ፖሊስ ጣቢያው ገብቼ መርማሪውን ጠየቅኩ። ትሑት ሰው ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኩት።

"የግል ተበዳይዋ ሥዕሉን አይተው አረጋግጠዋል" አለ።

"ያረጋገጡት ሥዕሌን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም።"

"ሥዕሉን የሣለው ማነው?"

"እኔ።"

"ታዲያ ተሳስተሻል ነው የምትይው?"

"እጄ የሚያውቀውን ፊት ነው ያወጣው። ሁልጊዜ የምሥለው እሱን ነው።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠና አየኝ። "እኅቴ፣ እኔ ይህን ምን ብዬ ነው የምጽፈው? ከሰዓት በኋላ ከሌሎች ሰዎች ጋር አሰልፈነው ሴትየዋ መጥተው ያዩታል። ካልሆነ አይደለም ይላሉ።"

አይደለም እንደማይሉ አውቃለሁ። ሥዕሌን ጠዋት ሙሉ ሲያዩት ነው የዋሉት። አሁን ሐሙስ ዕለት ያዩትን ሰው ሊያስታውሱ ሲሉ የሚመጣባቸው የእኔ ሥዕል ነው። ሰልፉ ውስጥ ያን ቅንድብ ሲያዩ ጣታቸውን ይቀስራሉ፤ ያኔ አለቀ። ስወጣ በኮሪደሩ በኩል ጋሽ ሸምሱን አየሁት። አግዳሚ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል፣ ቁልፍ ሲቀርጽ እንደሚያቀረቅረው። ስሙን መጥራት አቃተኝ።

እማማ ብርነሽ ቤት ስደርስ በር የከፈተው ዳንኤል ነው። አላስገባሽም አለኝ።

"ሰምቻለሁ። ወዳጅሽ ነው አሉ። ጠዋት ሣልሽው፣ ሌባው ወዳጅሽ መሆኑን ስታውቂ ልትሽሪው መጣሽ?"

"ዳኒ፣ እናትህን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። አንድ ብቻ።"

"እናቴ ታማለች! ቁልፋችንን ያስቀረጽነው እሱ ጋ መሆኑን ታውቂያለሽ? ጃንጥላው ሥር ቆሜ ነው የጠበቅኩት!"

ይህንንስ አላውቅም ነበር። ግን ልደታ ውስጥ ቁልፉን እሱ ጋ ያላስቀረጸ ማን አለ? እኛም ያስቀረጽነው እሱ ጋ ነው። ልመልስለት ስል እማማ ከውስጥ፣ "አስገባት ዳኒዬ፣ ልጅቱን በር ላይ አታቁማት" አሉ። ገባሁ። ከፊታቸው ተንበረከክሁ።

"እማማ፣ ሰውየው ቅንድቡ ላይ ምልክት ነበረው?"

"አዎን። ይኸው ሥለሽው የለ?"

"እኔ ከመሣሌ በፊትስ? ሐሙስ ዕለት አይተውት ነበር?"

ዳንኤል "እማዬ ተይ፣ እያወናበደችሽ ነው" አለ። እኔ ተነሥቼ የዳንኤልን ልጅ የንባብ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረድኩ። አንድ አባት ልጁን አዝሎ ወንዝ የሚሻገርበትን ገጽ ገለጥኩና ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ አስተማሪውን አሳየኋቸው። ከዚያ የበግ ነጋዴውን። በሁሉም ላይ የግራ ቅንድብ መሀል ባዶ ነው። ያ መጽሐፍ የታተመው ሌባው ቤታቸው ከመግባቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው።

እማማ መነጽራቸውን ፈለጉ። ዳንኤል አቀበላቸው። ገጹን ወደፊት ገለጡ፣ ወደኋላ ገለጡ።

"ይሄም እሱ ነው" አሉ። "ይሄም። ይሄም… ታዲያ እኔ ያየሁት የቱን ነው?"

መጽሐፉን ከደኑት። "ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ያኛው ጠፋብኝ እኮ። ምን አደረግሽኝ ልጄ?"

አለቀስኩ። ዳንኤል መጽሐፉን ከእናቱ ጭን ላይ አንሥቶ ቆሞ ያገላብጥ ጀመር። ለልጁ ያነበበለት መጽሐፍ ነው።

ሰዓቱ ደረሰ። ታክሲ ይዘን ሦስታችንም ሄድን። እማማ ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር። ዳንኤልም የሚያውቅ አልመሰለኝም።

ወንዶቹ ግድግዳውን ይዘው ተሰልፈዋል። ጋሽ ሸምሱ መሀል ላይ ነው። እኔ እንዳልገባ ተከልክዬ በተከፈተው በር በኩል ነው የማየው። ቀና ብሎ ቆሟል። ቅንድቡ ከሩቅ ይታያል፤ ስንት ጊዜ የሣልኩት ቅንድብ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

እማማ ብርነሽ ቀስ እያሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዱ። ጋሽ ሸምሱ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ቆሙ፣ አልተንቀሳቀሱም። መርማሪው፣ "እማማ፣ ካወቁት ይንኩት" አለ። ጤነኛ እጃቸውን አነሡ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እጅህን ስጠኝ" ሲሉ ሰማሁ።

ዓይኔን ስከፍት የጋሽ ሸምሱን እጅ ይዘዋል። ገልብጠው መዳፉን አዩ። ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

"እማማ፣ የሚለየው ፊቱን አይተው ነው" አለ መርማሪው።

"ፊቱንማ ልጅቱ ወሰደችብኝ" አሉ። "እጁን ግን አልነካችብኝም። ያ ሰውዬ አፌን አፍኖኛል። እጁ ለስላሳ ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ይሄ እጅ ብረት ነው የሚሸተው። ቢታጠብም የሚለቅ አይደለም። ይሄ ሰው አይደለም።"

ጠዋት ስለ እጁ አልጠየቅኳቸውም ነበር። ፊት ሠዓሊ ነኝና ስለ ፊት ብቻ ጠየቅኩ። መርማሪው ሌሎቹንም እንዲያዩ ጠየቃቸው፤ ማንንም አልነኩም። ቃላቸው ተጻፈ። ጋሽ ሸምሱ ሐሙስ ዕለት እስኪመሽ ድረስ ከጃንጥላው ሥር እንዳልተነሣ አቶ ፍቅሬና የማተሚያ ቤቱ የማሽን ኦፕሬተር መጥተው መሰከሩ። በዋስ ተለቀቀ፤ በኋላም ክሱ ቀረ።

ሌባው አልተያዘም። ወርቁም አልተገኘም። እማማን ባየሁ ቁጥር ይህ ይቆጨኛል።

ከፖሊስ ጣቢያ መለቀቅና ከሰው አፍ መለቀቅ ለየቅል ነው። ዳንኤል ሥዕሉን ከግሩፑ አጥፍቶ ይቅርታ ጻፈ፤ ግን ሥዕሉን ወደ ሌላ ያሻገረው ስንቱ ነው! የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ጋሽ ሸምሱ ሰኞ ጃንጥላውን ዘረጋ። ሰው ያልፋል፣ ያየዋል፣ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ይሄዳል። ለጫማ ጠጋኝ ሐሜት ምንም አያደርገውም። ለቁልፍ ሠሪ ግን ሐሜት ሞት ነው፤ የቤትህን ቁልፍ ለተጠረጠረ ሰው ትሰጣለህ?

ይቅርታ ልለምነው ሄድኩ። ሳጥኑ ላይ እንድቀመጥ እንኳ አላለኝም። ሞረዱን በባዶ ቁልፍ ላይ ያመላልሳል።

"ጋሼ፣ ሁለተኛ ፊትህን አልሥልም። ወላሂ።"

ያን ጊዜ ቀና አለ። ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም ነበር።

"እሱ ነው ካሣዬ? ገበሬ ነው አልሽ፣ ዳኛ ነው አልሽ፣ ሐኪም ነው አልሽ። ሳቅኩልሽ። ሌባ ነው አልሽ፣ ታሰርኩልሽ። አንድ ቀን እንኳ ሸምሱ ነው ብለሽ ጽፈሽ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም። አንድም ቀን።

"ሣይኝ" አለ። "ስሜን ጻፊበት። ሥራዬንም ጻፊበት።"

እዚያው ሳጥኑን ገልብጬ ተቀመጥኩ። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ቀን ቀስ ብዬ ሥዬ አላውቅም። እጄ ሊሮጥ ሲል ያዝኩት፤ እያንዳንዱን መስመር ከማኖሬ በፊት ፊቱን አየሁ። ለካ አርጅቷል። እኔ የምሥለው ከዓመታት በፊት የነበረውን ሸምሱን ነው፤ ከአፉ ዳርና ዳር የወረዱትን መስመሮች አላየኋቸውም ነበር። ሥዕሉን አቶ ፍቅሬ በትልቁ አትመው ላሚኔት አደረጉት። ከሥሩ "ሸምሱ፣ ቁልፍ ሠሪ" ይላል። ጃንጥላው ዘንግ ላይ ሰቀልነው።

ሥዕሉ ብቻውን ደንበኛ አልመለሰም። ያንን ያደረጉት እማማ ብርነሽ ናቸው። ጀሶው ከክንዳቸው ሳይወልቅ፣ ሰው ከፍርድ ቤት በሚወጣበት፣ መንገዱ ጭንቅ በሚልበት ሰዓት ዳንኤልን አስከትለው መጡ። የበራቸውን ቁልፍ አስቀይረው ነበር። አዲሱን ቁልፍ ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው በሰው ሁሉ ፊት ለጋሽ ሸምሱ ሰጡት።

"አንድ ቅጂ አውጣልኝ ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "የቤቴ ነው።"

ጋሽ ሸምሱ ቁልፉን ተቀብሎ ሞረዱን ፈለገ። ሞረዱ እፊቱ ነበር፣ አላየውም። እማማ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው እስኪያልቅ ጠበቁ። የቆመ ታክሲ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ በመስኮት ያዩ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሁለት ሰው መጣ፤ ከዚያ ሌሎች። ያልተመለሱም አሉ፤ አሁንም በዚያ በኩል ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ።

እኔም እጄን እንደ አዲስ ማስተማር ነበረብኝ። ለነገ የሚደርስ ሥራ አልቀበልም አልኩ፤ ሁለት ደንበኞች ሄዱብኝ። ሰው አስቀምጬ እሥላለሁ፦ እናቴን፣ የታክሲ ረዳቱን፣ የአታክልት ሻጯን። ረቂቁ ጀርባ ላይ የእያንዳንዳቸውን ስም እጽፋለሁ። ትዕግሥት አንድ ቀን ደውላ፣ "ሰዓዳዬ፣ በጣም አሪፍ ነው፣ ግን… ያ ቅንድቡ ላይ ምልክት ያለው ሰውዬ የት ሄደ? እሱ ይሻል ነበር" አለችኝ።

"ልደታ ነው ያለው" አልኳት። "ቁልፍ ይቀርጻል።"

ለዚህ ሙያ የማቀብላችሁ ይህን ብቻ ነው። ፊት ስትሥሉ የማን ፊት እንደሆነ እወቁ። ካላወቃችሁ እርሳሱን አስቀምጡ።